ከሼፊልድ እስከ ብሮተን፦ ዕውቀት ወደ ፋብሪካ የሚወርድበት መንገድ

የተግባራዊ ምርምር ማዕከል በዩኒቨርሲቲና በፋብሪካ መካከል የሚቆም ተቋም ነው። ተመራማሪ አዲስ ነገር አግኝቶ ውጤቱን ሲያሳትም ሥራው ተጠናቀቀ ይባላል። ፋብሪካ ደግሞ ለደንበኛው ቀን ቆርጧልና ያልተፈተነ ዘዴ ለመሞከር ብሎ ምርት አያቆምም። በቤተ ሙከራ ጠረጴዛ ላይ አንድ ጊዜ የተሳካ ነገር በቀን ሺህ ጊዜ ሲደጋገም ይጸናል ወይ? ስንት ያወጣል? በየትኛው ማሽን፣ በምን ፍጥነት፣ በማን እጅ ይሠራል? እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልስ ሲጠፋ ብዙ ግኝት መንገድ ላይ ይቀራል። የብሪታንያ መሐንዲሶች ይህን ክፍተት የሞት ሸለቆ ይሉታል። ሸለቆው እንዴት እንደሚታለፍ ማየት ለሚሻ፣ ከሼፊልድ ተነሥቶ በኮቨንትሪ በኩል እስከ ዌልስ ወሰን የሚደርሰው ጉዞ ብዙ ያስተምራል።

ሼፊልድን በዝና ብቻ የሚያውቅ ሰው ጭስ የጠገበች፣ ጥቀርሻ የለበሰች ከተማ ይጠብቃል። የምትቀበለው ግን በኮረብቶች ላይ የተዘረጋች፣ ዛፍ የበዛባት፣ ካፊያ የማይለያት ከተማ ናት። ከአስተዳደር ክልሏ አንድ ሦስተኛ ያህሉ በፒክ ዲስትሪክት ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው። ከምዕራብ ካለው ደጋ ዶን፣ ሺፍ፣ ሪቭሊን፣ ሎክስሊና ፖርተር የተባሉ አምስት ወንዞች ይወርዱላታል። ዓባይን ወይም ጀማን አይቶ ላደገ ሰው ከወንዝነት ይልቅ ጅረትነታቸው ያመዝናል። ሆኖም ቁልቁል ሲወርዱ ያላቸው ጉልበት ለብዙ መቶ ዓመታት የመሳያ ድንጋይ አሽከርክሯል። ድንጋዩም የሚጠረበው ከዚያው ደጋ ነበር፤ ዛሬም በስታኔጅ ገደል ሥር በእግሩ የሚሄድ ሰው ተጠርበው ሳይወሰዱ የቀሩ ክብ ድንጋዮች በሣር ውስጥ ተጋድመው ያያል። ውኃው፣ ድንጋዩ፣ እንጨቱና ማዕድኑ በአንድ አካባቢ መገኘታቸው ሼፊልድን የቢላዋ አገር አደረጋት። የቢላዋ ሠሪዎቿ ማኅበር በ1624 እ.ኤ.አ. በፓርላማ ሕግ ተቋቋመ። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጥንቱ ሥራ የተደራጀው በትልቅ ፋብሪካ አልነበረም። አንዱ ይቀጠቅጣል፣ ሌላው ይስላል፣ ሦስተኛው እጀታ ይገጥማል። ብዙዎቹ የራሳቸው ጌታ ሆነው፣ ጠባብ ክፍል ተከራይተው ይሠሩ ነበር። በኬልሃም ደሴት ሙዚየም የእነዚህ ባለሙያዎች የሥራ ክፍሎች ይታያሉ። የመርካቶን ምናለሽ ተራ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ እዚህ ሲገባ ባይተዋርነት አይሰማውም፤ አንዱ የጀመረውን ጎረቤቱ የሚቀጥልበት፣ ዕቃ ከደጃፍ ወደ ደጃፍ እየዞረ መልክ የሚይዝበት ሥርዓት የሚያውቀው ነው። ሙዚየሙ የሥራውን መከራም አይሸሽግም። ስለት የሚስሉት ሰዎች የድንጋዩን ብናኝ ሲስቡ ውለው ሳንባቸው ይበላ ነበር፤ ብዙዎቹ በወጣትነታቸው ሞተዋል። የሼፊልድ ስለት በዓለም የተከበረው በእነዚህ ሰዎች ዕድሜ ነው።

በዚሁ ሙዚየም የቆመው የዶን ወንዝ ሞተር በ1905 የተሠራ፣ 12,000 የፈረስ ጉልበት ያለው የእንፋሎት ሞተር ነው። ለጦር መርከብ ጥሩር የሚሆን ወፍራም ብረት ሲዳምጥ ኖሮ በ1978 ሥራውን አቆመ። አሁን እንፋሎት የሚሰጠው ለጎብኚ ነው። ግዙፉ ብረት በቅጽበት አቅጣጫውን ለውጦ ወደ ኋላ ሲዞር የሚያይ ሰው፣ ይህችን ከተማ ያቆማት ጉልበት ብቻ እንዳልነበረ ያስተውላል። ያን ያህል ክብደት በአንድ ሰው እጅ መታዘዙ የረቀቀ ዕውቀት ይጠይቃል።

ከሙዚየሙ ወጥቶ ምሳ የሚፈልግ መንገደኛ በሥጋና በድንች የተሞላ ትኩስ ፓይ ይቀርብለታል፤ ከጎኑም ብርቱካናማ ወረቀት የተለጠፈበት ጠርሙስ ይቀመጣል። ሄንደርሰንስ ሬሊሽ ይባላል። ከ1885 ጀምሮ በሼፊልድ የሚዘጋጅ፣ ኮምጣጤ፣ ሁመርና ቅርንፉድ ያለበት ቀጭን ማባያ ነው። ከታወቀው የዉስተር ሶስ በተለየ ዓሣ አይገባበትም፤ ስለዚህ በጾም ወቅት የተጓዘ ኢትዮጵያዊም በተቀቀለ ድንች ላይ ያለ ሥጋት ሊያፈስሰው ይችላል። ከከተማዋ ውጭ የሚያውቀው ጥቂት ነው፣ ልጆቿ ግን የትም ቢሄዱ ያስልኩታል። የአዘገጃጀቱ ዝርዝር ምስጢር ነው። ምስጢር መጠበቅ ደግሞ በሼፊልድ ከማባያም በፊት የብረት ሠሪዎች ልማድ ነበር።

ከከተማዋ በስተምሥራቅ ባለችው ሃንድስዎርዝ በ1740ዎቹ ቤንጃሚን ሀንትስማን የተባለ ሰዓት ሠሪ ይኖር ነበር። ለሰዓት ሞላ የሚሆን አስተማማኝ ብረት ስላጣ ራሱ ሊያዘጋጅ ተነሣ። አረብ ብረትን በሸክላ ማቅለጫ ከትቶ፣ በኮክ እሳት ሙሉ በሙሉ አቅልጦ፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት የሆነ ብረት አገኘ። የሼፊልድ ቢላዋ ሠሪዎች ግን ለመዶሻቸው ጠነከረባቸውና አልገዙትም። ሀንትስማንም ለፈረንሳዮች ሸጠ። በእርሱ ብረት የተሠራ የፈረንሳይ ቢላዋ ገበያቸውን ሲሻማ የሼፊልድ ሰዎች ብረቱ ወደ ውጭ እንዳይሸጥ ለማስከልከል ጣሩ፤ ሳይሆንላቸው ሲቀር እነርሱም ይገዙት ጀመር። ከመቶ ዓመት በኋላ ሄንሪ ቤሰመር በቀለጠ ብረት ውስጥ አየር በመንፋት አረብ ብረትን በርካሽ የማምረት ዘዴውን በ1856 ይፋ ሲያደርግ ተመሳሳይ ነገር ገጠመው። ፈቃድ ገዝተው የሞከሩት ሰዎች አልሳካ ሲላቸው ተዉት። እርሱ በ1858 እዚያው ሼፊልድ የራሱን ፋብሪካ ከፍቶ ከሁሉም ባነሰ ዋጋ መሸጥ ሲጀምር ነው ሌሎቹ የተከተሉት።

በሁለቱም ታሪክ ግኝቱ ነበረ፣ ሙያተኛውም ነበረ። ቢላዋ ሠሪው አዲሱን ብረት የገፋው ከስንፍና የተነሣ አልነበረም፤ አንድ ሳምንት የሠራው ስለት ቢሰበርበት የሚበላው ያጣ ነበር። የሙከራውን ኪሳራ ከባለሙያው ትከሻ ላይ የሚያነሣ አካል ባለመኖሩ አዲሱ ዘዴ ዓመታት ባከኑበት። የተግባራዊ ምርምር ማዕከል የሚያስፈልግበት ምክንያት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይሻም።

ሼፊልድ መልሱን በከፊል ያገኘችው በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ነው። ጆን ብራውንና ቶማስ ፈርዝ የተባሉ ሁለት የብረት ኩባንያዎች ወጪውን ተካፍለው የጋራ ቤተ ሙከራ አቋቋሙ። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ሃሪ ብሪርሊ የብረት አቅላጭ ልጅ ነው፤ በ12 ዓመቱ ገደማ የቤተ ሙከራ ጠርሙስ በማጠብ ሥራ ጀምሮ በትምህርትና በትጋት እዚያ ደረጃ ደረሰ። በ1913 የጠመንጃ አፈሙዝ ቶሎ እንዳይበላ መፍትሔ ሲፈልግ ክሮሚየም የበዛበት ብረት እንደማይዝግ አስተዋለ። ቢላዋ ሠሪዎቹ አሁንም ተጠራጠሩ። አንድ የአካባቢው ባለሙያ ግን ብረቱ በምን ያህል ሙቀት ቢቀጠቀጥ እንደሚታዘዝ እየሞከረ መንገዱን አገኘለት። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በየወጥ ቤቱ ያለው የማይዝግ ማንኪያና ቢላዋ የዚህ ትብብር ፍሬ ነው። ቤተ ሙከራው ንጥረ ነገሩን አወቀ፣ ባለእጁ አሠራሩን አወቀ፤ አንዱ ያለ ሌላው ወደ ገበያ አይደርስም ነበር።

የዶንን ወንዝ ተከትሎ ወደ ምሥራቅ የሚወርድ ሰው አንድ ጊዜ ምድጃዎች ያለ ዕረፍት ይነዱበት በነበረው ሸለቆ ያልፋል። ሃድፊልድስ የተባለው ግዙፍ የብረት ፋብሪካ በነበረበት ቦታ ዛሬ ሜዶውሆል የገበያ ማዕከል ቆሟል። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የብረት ሠራተኞች ከሥራ ወጥተዋል። ልጆቻቸው ጫማና ስልክ በሚሸጡበት አዳራሽ አባቶቻቸው የቀለጠ ብረት ያፈስሱ ነበር። ገበያው ሞቅ ያለ ነው፤ ነገር ግን ሙያ አይወረስበትም።

ትንሽ አለፍ ብሎ ኦርግሪቭ ነው። በሰኔ 18 ቀን 1984 በማዕድን ሠራተኞች አድማ ወቅት በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችና ፖሊሶች በዚያ ከነበረው የኮክ ፋብሪካ ደጃፍ ተጋጩ። 95 ሰዎች ተከሰሱ፣ ክሱ ግን በፍርድ ቤት ፈረሰ። የኮክ ፋብሪካው በ1990 ተዘጋ። መሬቱ ለብዙ ዓመታት ተቆፍሮ፣ ጸድቶና ተደልድሎ አሁን ሣር፣ ኩሬና አዲስ መኖሪያ ቤት ለብሷል። በእነዚህ ቤቶች አጠገብ፣ በ1740 ከተሠራው የካትክሊፍ የመስታወት ማቅለጫ ብዙም ሳይርቅ፣ የላቀ ማኑፋክቸሪንግ ፓርክ ይገኛል። ብዙ አገር ያለፈውን ቁስል በሐውልት ያስታውሳል። እዚህ የተመረጠው ሥራ የጠፋበትን መሬት መልሶ የሥራ ቦታ ማድረግ ነው። የቆየውን ቂም ሥራ ብቻውን አይሽርም፤ ያለ ሥራ ግን ቂሙ ይከፋል።

የፓርኩ ልብ በ2001 የሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ከቦይንግ ጋር ያቋቋመው የላቀ ማኑፋክቸሪንግ ምርምር ማዕከል ነው። ሐሳቡን ያፈለቁት ፕሮፌሰር ኪት ሪጅዌይና ነጋዴው አድሪያን አለን ናቸው። አንዱ ከዩኒቨርሲቲ፣ ሌላው ከመቁረጫ መሣሪያ ንግድ መምጣታቸው የማዕከሉን ጠባይ ወስኗል። ውስጡ የሚገባ ሰው የመማሪያ አዳራሽ አይጠብቀው። የሚያየው ሙሉ መጠን ያላቸው ቶርኖዎችና የፍሬሳ ማሽኖች፣ የብየዳ ክፍሎች፣ የካርቦን ፋይበር መሸመኛዎችና ሮቦቶች ነው። ማሽኖቹ ፋብሪካ ውስጥ ያሉት ዓይነት ናቸው፤ የሚለየው ለመሳሳት የተፈቀደላቸው መሆኑ ነው።

ሥራውን ለመረዳት ቲታኒየምን ማየት ይበቃል። ቲታኒየም ቀላልና ጠንካራ በመሆኑ ለአውሮፕላን ማረፊያ እግርና ለሞተር ክፍሎች ይፈለጋል። ሙቀትን ግን በደንብ አያስተላልፍም። ሲቆረጥ የሚፈጠረው ግለት በብረቱ ውስጥ ከመሰራጨት ይልቅ በመቁረጫው ጫፍ ላይ ይከማችና ስለቱን ይበላዋል። በዚያ ላይ መቁረጫው መንቀጥቀጥ ሲጀምር የዕቃው ገጽ ይሸረካከታል፤ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ብረት ይጣላል። ፋብሪካዎች ከዚህ ለመዳን ማሽኑን በዝግታ ያስኬዱ ነበር። የማዕከሉ መሐንዲሶች የኃይል መለኪያ ባለባት ትንሽ መዶሻ የመቁረጫውን ጫፍ ቀስ አድርገው ይመቱና ንዝረቱን ይመዘግባሉ። ከዚያ ኮምፒዩተር ንዝረቱ በየትኛው ፍጥነት እንደሚያይል፣ በየትኛው እንደሚጠፋ አስልቶ ያወጣል። ብዙ ጊዜ ጸጥ ያለው ፍጥነት ሠራተኞቹ ከለመዱት ከፍ ያለ ሆኖ ይገኛል። አዲስ ማሽን ሳይገዛ፣ የነበረው ማሽን አብልጦ እንዲያመርት ይደረጋል ማለት ነው። በመዶሻ መትቶ ብረትን ማዳመጥ ሀንትስማንም፣ የሸዋ ቀጥቃጭም የሚያውቁት ጥበብ ነው። ማዕከሉ የጨመረበት ሒሳብን ነው።

የማዕከሉ መተዳደሪያም ሊጤን ይገባዋል። ኩባንያዎች አባል ሆነው ዓመታዊ መዋጮ ይከፍላሉ፤ ትልልቆቹ ብዙ፣ ትንንሾቹ ጥቂት። በመዋጮው የሚሠራው የጋራ ምርምር ውጤት ለአባላት ሁሉ ክፍት ነው። አንድ ኩባንያ ለራሱ ብቻ የሚፈልገውን ደግሞ ለብቻው ከፍሎ፣ ምስጢሩ ተጠብቆለት ያሠራል። በገበያ የሚፎካከሩ ድርጅቶች በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ማሽን ላይ የጋራ ችግራቸውን መፍታታቸው ለእንግዳ ያስገርማል። ምስጢሩን በቤተሰብ ይቆልፍ በነበረ ከተማ ይህ መሆኑ ትልቅ የልማድ ለውጥ ነው። ሁሉም የሚሠቃይበት ችግር ሲፈታ ማንም እንደማይጎዳ፣ ውድድሩም ከዚያ በኋላ እንደሚቀጥል ኩባንያዎቹ በተግባር ተምረዋል።

ፋብሪካዎቹም ማዕከሉን ተከትለው መጡ። ሮልስ ሮይስ በፓርኩ የተርባይን ምላጭ መቅረጫ ሠራ። ማክላረን የመኪናውን የካርቦን ፋይበር አካል የሚሠራበትን ማዕከል፣ ቦይንግም በአውሮፓ የመጀመሪያ የሆነውን ፋብሪካውን በ2018 ከፈቱ። የቦይንግ ፋብሪካ ለ737 እና ለ767 አውሮፕላኖች የክንፍ መቆጣጠሪያ ክፍሎችን ያመርታል። የሮልስ ሮይስ ምላጭ ሲሠራ በልዩ የኒኬል ቅይጥ የተሞላው ቅርጽ ከእቶኑ በጣም በዝግታ ይወጣል፤ ብረቱ ከሥር ወደ ላይ ሲረጋ ሙሉው ምላጭ አንድ ወጥ ክሪስታል ይሆናል። እንዲህ የተሠራ ምላጭ ራሱን ሊያቀልጥ ከሚችል ሙቀት በላይ በሆነ ጋዝ ውስጥ፣ በደቂቃ ከ10,000 ጊዜ በላይ እየዞረ ይሠራል፤ ከመቅለጥ የሚያድነው በውስጡ በተቀረጹ ቀጫጭን ቱቦዎች የሚያልፍ ማቀዝቀዣ አየር ነው።

ይህ ከኢትዮጵያ ሩቅ የሆነ ጉዳይ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2016 ኤርባስ ኤ350ን ከአፍሪካ ቀድሞ ሲረከብ አውሮፕላኑ የሚበርረው በሮልስ ሮይስ ትሬንት ሞተር ነበር። 737 እና 767 አውሮፕላኖችም በቦሌ ዘወትር ይታያሉ። ከኦርግሪቭ ሜዳ የሚወጣው ዕውቀት የአዲስ አበባን መንገደኛ በሰማይ ተሸክሞ ይሄዳል።

ከማዕከሉ ጎን ያለው የሥልጠና ማዕከል የጉዞው ትልቁ ትምህርት ነው። ከ16 ዓመታቸው ጀምሮ የሚገቡ ወጣቶች በአንድ ኩባንያ ተቀጥረው፣ ደመወዝ እየተከፈላቸው፣ በማሽን ላይ እየሠሩ ይማራሉ። የበረታ ተለማማጅ ሥራውን ሳይለቅ እስከ ዲግሪ ሊዘልቅ ይችላል፤ የብሪርሊ የሕይወት ጉዞ አሁን መደበኛ መንገድ ሆኗል። በኢትዮጵያ ብዙ ወላጅ ልጁ ወደ ሙያ ትምህርት ሲመደብ ነጥብ አልመጣለትም ብሎ ያዝናል። የዚህ ንቀት ሥር ጥልቅ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን ሰው ኅብረተሰቡ ያለ እርሱ መኖር ሳይችል ያዋርደው ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ነገሩ አገር እንደሚጎዳ ስለተረዱ ነው።

ከእርሳቸው በፊት አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ፣ በጋፋት፣ አውሮፓውያን ባለእጆችን ሰብስበው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠርተዋል። ጋፋት የእጅ ሥራ፣ የማቅለጫና የሥልጠና ቦታ የመሆን ተስፋ ነበረው። ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ግን አብዛኞቹ ባለእጆች አገር ለቀው ሄዱ፤ መድፉ በተራራው ላይ ቀረ፤ ሙያውን ተቀብሎ የሚያስቀጥል ተቋም አልኖረም። እንጀራ መጋገር በቃል ተነግሮ እንደማይለመድ ሁሉ የብረት ሥራም ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍበት ቦታ ይሻል። ማዕከል የሚያስፈልገው ዕውቀት ሰዎቹ ሲሄዱ አብሮ እንዳይሄድ ነው።

ከፓርኩ ማዶ፣ የቀድሞው የሼፊልድ አየር ማረፊያ በነበረበት ቦታ፣ ፋብሪካ 2050 የተባለው ክብ የመስታወት ሕንፃ ቆሟል። ውስጡ እንደ ሥራው ፀባይ ሊበታተንና እንደገና ሊደራጅ ይችላል። ሮቦት ከሰው ጎን ቆሞ ሲገጣጥም፣ የአንድ ማምረቻ መስመር ሥራ መጀመሪያ በኮምፒዩተር ምስል ተፈትኖ ወደ ወለሉ ሲወርድ ይታያል። ግድግዳው መስታወት በመሆኑ በመንገድ የሚያልፍ ሁሉ ሥራውን ያያል። ለልጆች ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ያላዩትን ሙያ የሚመኙ ልጆች ጥቂት ናቸው።

ወደ ደቡብ የሚወስደው መንገድ ከተራራው ወደ ለምለም ሜዳ ይወርዳል፤ በአጥር የተከፋፈለ የግጦሽ መሬት፣ በጎችና የጡብ መንደሮች እየተፈራረቁ እስከ ኮቨንትሪ ይዘልቃሉ። በኅዳር 1940 በቦምብ የተቃጠለው የከተማዋ ካቴድራል ግድግዳው ብቻ ቆሞ ይታያል፤ በ1962 የተመረቀው አዲሱ ካቴድራል ከጎኑ አለ። ፍርስራሹን ሳያፈርሱ ከጎኑ አዲስ የሠሩት ሰዎች በሥራም እንዲሁ ናቸው። ኮቨንትሪ የሰዓት ሠሪዎች ከተማ ነበረች። የሰዓት ሥራ ሲዳከም እጆቿ ወደ ስፌት መኪና፣ ከዚያ ወደ ብስክሌት፣ ከዚያም ወደ አውቶሞቢል ዞሩ። ዛሬ ሁሉም የሚያውቀውን፣ በመጠን የተቀራረቡ ሁለት ጎማዎች ያሉትንና የኋላው ጎማ በሰንሰለት የሚዞረውን ብስክሌት ጆን ኬምፕ ስታርሊ በ1885 ያወጣው እዚሁ ነው። ዕቃው ይለወጣል፣ ጥንቃቄን የለመደ እጅ ግን ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ይሻገራል።

በከተማዋ ዳር በአንስቲ የሚገኘው የማኑፋክቸሪንግ ቴክኖሎጂ ማዕከል ከ2011 ጀምሮ ይሠራል። እዚያ በተለይ የሚጠናው ዕቃን ከዱቄት ብረት በንብርብር መገንባት ነው። ከፀጉር የቀጠነ የብረት ዱቄት ይነጠፋል፣ ሌዘር የተፈለገውን ቅርጽ ብቻ ያቀልጣል፣ ሌላ ዱቄት ይነጠፍበታል፤ እንዲህ እየተደራረበ በቶርኖም በፍሬሳም ሊወጣ የማይችል ውስጠ ውስብስብ ዕቃ ይሠራል። ከሩቅ ሲታይ ቁልፍ ተጭኖ ዕቃ መቀበል ይመስላል። ቀርቦ ለሚመለከት ግን ሥራው የሚበዛው ከሕትመቱ በፊትና በኋላ ነው፦ የዱቄቱን ጥራት መመርመር፣ ዕቃው ሲቀዘቅዝ እንዳይጣመም ማስላት፣ ውስጡ ክፍተት እንደሌለው በራጅ ማረጋገጥ። አዲስ ማሽን የገዛ ፋብሪካ ሁሉ ያልገዛው ነገር ይህ ነው።

ሼፊልድንና ኮቨንትሪን ጨምሮ በየአካባቢው ያሉትን ማዕከላት በአንድ መረብ ያሰረው በ2011 የተመሠረተው ሃይ ቫልዩ ማኑፋክቸሪንግ ካታፑልት ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሄርማን ሃውዘር የተባለ ባለሀብት ለመንግሥት ባቀረበው ሪፖርት የሌሎች አገሮችን ልምድ መርምሮ ነበር። ከሁሉ የታወቀው በ1949 የተቋቋመው የጀርመኑ ፍራውንሆፈር ማኅበር ነው። የብሪታንያው ሥርዓት ገቢውን በሦስት ይከፍላል፦ አንድ ሦስተኛ ከመንግሥት በቋሚነት፣ አንድ ሦስተኛ ኩባንያዎችና ማዕከሎች ተባብረው በውድድር ከሚያገኙት የምርምር ገንዘብ፣ አንድ ሦስተኛ ደግሞ ከኢንዱስትሪ በቀጥታ። አከፋፈሉ ጥበብ አለው። የመንግሥት ድርሻ ቢበዛ ማዕከሉ ፋብሪካውን ይረሳል። የኢንዱስትሪው ቢበዛ የነገውን ትቶ የዛሬን ብልሽት ጠጋኝ ይሆናል።

የጉዞው መጨረሻ በዌልስ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ያለችው ብሮተን ናት። ከሰሜን ዌልስ ተራሮች ጋር ስትተያይ ሜዳማ ናት፤ በጎቿና ዝናቧ ግን የዌልስ ናቸው። የደረቀ ፍሬ የተጋገረበት የዌልስ ዳቦ ከሻይ ጋር ሲቀርብ ድካም ያስረሳል። እዚህ ያለው ግዙፍ ፋብሪካ የኤርባስ አውሮፕላኖችን ክንፍ ይገጣጥማል፤ የኤ350 ክንፍም ከዚሁ ይወጣል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዌሊንግተን ቦምብ ጣዮች ይሠሩበት ነበር። በ1943 ሠራተኞቹ አንዱን አውሮፕላን ከ24 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ገጣጥመዋል።

የሼፊልዱ ማዕከል በ2019 ከፋብሪካው አጠገብ ቅርንጫፍ ከፈተ። ወራት ሳይቆይ የኮቪድ-19 ወረርሽኝ መጣ፤ አገሪቱ የመተንፈሻ መሣሪያ አጠራት። በወቅቱ የካታፑልቱ ኃላፊ በነበሩት በዲክ ኤልሲ መሪነት የአውሮፕላን፣ የመኪናና የሕክምና መሣሪያ ድርጅቶች ተሰባሰቡ፤ የብሮተኑ አዳራሽም መገጣጠሚያ ሆነ። የክንፍ ሠራተኞች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሠልጥነው የሕክምና ዕቃ ይገጣጥሙ ጀመር። ኅብረቱ በ2020 ከ13,000 በላይ መሣሪያዎች አስረክቧል። ሕንፃው፣ መሐንዲሱና በኩባንያዎቹ መካከል የነበረው መተማመን አስቀድሞ ባይገነባ ኖሮ ያ ሥራ በዚያ ፍጥነት ባልተሠራ ነበር። ማዕከል በደህና ጊዜ የሚወጣበት ወጪ በክፉ ቀን ምን እንደሚመልስ ብሮተን አሳይታለች።

እነዚህ ማዕከሎች ሁሉን አላዳኑም። በኦርግሪቭ ፓርክ የሚሠራው ሰው ቁጥር ቀድሞ በዶን ሸለቆ ከነበረው የብረት ሠራተኛ ጋር አይወዳደርም። አንድ መሐንዲስ ብቻ ያለው ትንሽ ወርክሾፕ ሰውየውን ለሥልጠና ቢልክ ሥራው ይቆምበታል፤ ስለዚህ ከማዕከሎቹ ብዙ የሚጠቀሙት አሁንም ትልልቆቹ ናቸው። የምርምሩ ፍሬ ከአገር ውጭ ባለቤት ወዳላቸው ኩባንያዎች መሄዱም ያከራክራል። ቢሆንም የሀንትስማን ዘመን ቢላዋ ሠሪ ያጣውን ነገር የዛሬው አምራች አግኝቷል፤ ኪሳራው ቤቱን ሳያፈርስ አዲስ ነገር የሚሞክርበት ቦታ አለው።

ኢንዱስትሪን የሚያልም አገር ሁሉ ከዚህ መንገድ የሚወስደው ግልጽ ነው። ማሽን በገንዘብ ይገዛል። ማሽኑን የሚያዳምጥ እጅ፣ ስሕተት የሚፈቀድበት አዳራሽና ሙያን ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚያሻግር ተቋም ግን በዓመታት ትዕግሥት ይገነባሉ። የዚህ ሁሉ መነሻ ባለእጅን ማክበር ነው፤ ፋብሪካ ለመትከል የሚያቅድ መንግሥት፣ ባለሀብትም ሆነ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን በጀት ለዚህ ይመድብ።